ቤት ያልመታ ስንኝ

ፕራቶ ላይ፣ ከአሮጌው ቅጥር ጥግ፣
ትናንት ሱፍ ሲፈተልበት የኖረ አዳራሽ
ዛሬ መደርደሪያ ሞልቶታል፤ ቤተ መጻሕፍት ሆኗል።
መጽሐፍስ ቤት አገኘ። ቀናሁበት።

ማክሰኞ ማታ ነው። ዝናብ የነካው ካፖርት ይሸታል።
ሃያ ሦስት ወንበር፣ አሥራ አንድ ሰው፤
ፊት ለፊት ፓን ሊንጁዋን፣
አስተማሪዋ ምላሷ አልታጠፍ ቢላት «ኦርኔላ» ያለቻት፣
የመጀመሪያ መጽሐፏን እንደ ትኩስ ዳቦ
ከእጅ ወደ እጅ እያቀያየረች ይዛለች።

አነበበች።

በአንደኛው ምዕራፍ ቤቱ ሁለት በር ነበረው፤
አንዱ ወደ ወንዙ፣ አንዱ ወደ መንደሪኑ ዛፍ።
በሦስተኛው አንድ በር ቀረ፤
መንገድ መጣና ግቢውን ቆረሰው።
በሰባተኛው በርም የለ፣ ግድግዳም የለ፤
ቁልፍ ብቻ፣ እሱም ከሌላ ቁልፍ ጋር ታስሮ፣
ከፒስቶዬዜ ጎዳና የኪራይ ጓዳ ቁልፍ ጋር።
ስትራመድ ይጋጫሉ።
ልቦለዱ ያ ድምፅ ነው።

እናቷ ሹፌን፣ ከማሽኑ ሥር ጎንበስ ብላ፣
ለሱሪ አገር ትሰፋለታለች፣ እንቅልፏን ጥላ፤
«ጣሊያን የተሠራ» ይላል፣ ጥፍር በምታህል ጨርቅ፤
ሱሪው ወረቀት አገኘ፣ ማንንም ደጅ ሳይጠና፣ ማንንም ሳይጠይቅ።
እሷ ግን ከፖሊስ ጽሕፈት ቤት ደጅ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣
ቁጥር ጨብጣ ስትቆም፣ ወጣትነቷ አለቀ በወረፋ ብዛት።

አንድ ሽማግሌ እጁን አወጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ሻርፕ ያደረገ።
«ታዲያ ሲኞሪና፣ ቤትዎ የት ነው?»
«ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ነበር» አለችው፤
«አራሚው አወጣው፣ ይረዝማል ብሎ።»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።
እሷ አልሳቀችም።

በእናቷ ፊደል ቤት ማለት ጣራ ነው፣ ከጣራው ሥር አሳማ።
እዚህ አሳማው በስሱ ተቆርጦ ከመስታወት ጀርባ ይሸጣል፤
ጣራው ደግሞ በወር ስድስት መቶ ሃምሳ ዩሮ፤
ሁለቱን ማገናኘት ነው ጭንቁ።
በእኔ ቋንቋ የስንኝ ማረፊያው ቤት ይባላል፤
ቤት ያልመታ ግጥም ደጅ ያደረ ይመስለናል።
ስንቱን እንግዳ ቃል ጎትቼ አስገብቼ
በሩን ከውጭ ቆልፌበታለሁ፣ ቤት ይምታ ብዬ!
ይህችን ሴት ስሰማ አፈርሁ፤
የሷ ስንኝ ሜዳ አድሮ፣ ጤዛ ጠጥቶ፣
ይተነፍሳል።

ሹፌን የኋላ ወንበር ላይ ነበረች።
ጣሊያንኛዋ «ስንት ነው» እና «ነገ ይደርሳል» ላይ ያበቃል፤
ሰው አጨብጭቦ ሲጨርስ አጨበጨበች፣
የሱፍ ፍሬዋን ኪሷ ከትታ።
ሁሉም ሲወጣ መጣች። መጽሐፉን ተቀበለቻት።
አልከፈተችውም፤ ጀርባውን በአውራ ጣቷ ዳበሰች፣
እንደ ሱሪ ወገብ ሳብ አደረገችው፣
ወደ መብራቱ አስጠጋችው፣
በዌንጆ አነጋገር አጭር ነገር ተናገረች።
ልጅቷ፣ ሳልጠይቃት፣ ወደ እኔ ዞራ፣
«ስፌቱ ላልቷል ትላለች» አለችኝ፣ «ክረምቱን አይዘልቅም።»

ከቦርሳዋ መርፌ አወጣች፣ ጥቁር ክር።
ጠባቂው እጁን ማጥፊያው ላይ አድርጎ ቆመ፤ «እንዘጋለን» አለ፤
ማንም አልመለሰለትም።
ከሽፋኑ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ሽፋኑ፣
ሰባቱን ምዕራፍ፣ ሁለቱን በር፣ የተቆረሰውን ግቢ፣
አራሚው ያወጣውን ገጽ ክፍተት ሳይቀር
አንድ ላይ ሰፋችው፤
ክሩንም በጥርሷ በጠሰች።